ለዘር የመጣ ስንዴ

ገበሬ ከምርቱ ለዘር ብሎ ለይቶ ያስቀመጠውን እህል በችግር ቀን እንኳ በቀላሉ አይነካውም። ጐተራው ሲራቈት፣ ልጆቹ ሲያለቅሱ፣ ያን እህል እያየ ይታገሣል፤ ለምን ቢሉ የመጪው ዓመት ኑሮው ያለው በዚያ ውስጥ ነውና። ረኀብ ሲጠና ግን የዘሩም እህል ወደ ወፍጮ ይሄዳል፤ በዚህም ማንም ሊፈርድበት አይገባም። በጥንቱ ዘመን ዘሩን የበላ ሰው የሚያገኘው ጕዳት በዓመቱ የሚዘራው ማጣቱ ብቻ ነበረ። ከመቶ ዓመት ገደማ ወዲህ ግን ሌላ ጕዳት ተጨመረበት። ዘሩን ሻጋታ እንዳያበላሸው በመርዝ እየታሸ ይቀርብ ጀመርና፣ ያን የበላ ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንጐሉ የሚጐዳበት ዘመን መጣ።

በ1964 ዓ.ም. በኢራቅ የደረሰው መከራ ይህ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1971 መጨረሻ እስከ 1972 መጀመሪያ ያለው ጊዜ መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናትም በዚያው አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ነገሩን ለአንባብያን ማቅረባችን የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት አይደለም። እህል ከጆንያ ወጥቶ ማዕድ ላይ እስኪደርስ በእናቶችና በልጆች እጅ በሚያልፍበት ቤት ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ስለ ሆነ ነው።

መርዙ የሜርኩሪ መርዝ ነበረ። ሜርኩሪ በቀድሞው አማርኛችን ባዜቃ የሚባለው፣ እንደ ውኃ የሚፈስ፣ እንደ ብር የሚያበራ ማዕድን ነው። በትኵሳት መለኪያ መስተዋት ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ማዕድኑ ብቻውን ቢዋጥ ከሆድ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከካርቦን ጋር ሲያዋሕዱት ሜቲል ሜርኩሪ የሚባል፣ ጠባዩ ፈጽሞ የተለየ ነገር ይሆናል። ይህኛው ሻጋታን በመግደል እጅግ ብርቱ ነው፤ ከሆድ ወደ ደም ለመግባትም የሚከለክለው የለም።

የሚያደርሰው ጕዳት አስቀድሞ ሳይታወቅ ቀርቶ አልነበረም። በ1937 በእንግሊዝ አገር ይህን የዘር መድኃኒት በሚያዘጋጅ ፋብሪካ የሚሠሩ አራት ሰዎች ታመሙ። እጃቸውና እግራቸው ደነዘዘ፤ ሲራመዱ ይንገዳገዱ፣ ሲናገሩም አንደበታቸው ይተሳሰር ጀመር፤ ዐይናቸው የሚያየው ስፋትም ከዳር ወደ መካከል እየጠበበ ሄደ። ሃንተር፣ ቦምፈርድና ራስል የተባሉ ሦስት ሐኪሞች ያዩትን በ1940 ጽፈው አሳተሙ። ከአራቱ አንዱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሞት አንጐሉ ተመረመረና፣ መርዙ የትኛውን ክፍል እንዳጠፋው በ1954 ተገለጠ። በጃፓን አገር በሚናማታ ባሕር ዳር ከ1956 ጀምሮ የታየው በሽታ የሜርኩሪ መሆኑን ሐኪሞች ሊያውቁ የቻሉትም ይህን የእንግሊዞች ጽሑፍ ከሕመምተኞቻቸው ምልክት ጋር በማስተያየት ነው። በኢራቅም ራሷ፣ ከሜቲል ሜርኩሪ ጋር በሚዛመድ መርዝ የታሸ ዘር በ1956ና በ1960 ብዙ ሰው መርዞ ነበረ። በፓኪስታን፣ በጓቴማላና በጋናም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል።

እንግዲህ ከተከታታይ ድርቅ በኋላ የኢራቅ መንግሥት የአገሩን እርሻ ለማቃናት አስቦ፣ በሜክሲኮ የተገኘውን ብዙ ምርት የሚሰጥ አዲስ የስንዴ ዓይነት ከውጭ አዘዘ። 73,000 ቶን ያህል ስንዴና 22,000 ቶን ያህል ገብስ በመርከብ ባስራ ወደብ ደረሰ። ሁሉም በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ ነበረ፤ መርዝ መሆኑም እንዲታወቅ ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም ተቀብቷል። በ1971 መጸው ለገበሬዎች ታደለ። ይሁን እንጂ እህሉ የደረሰው ዘግይቶ ስለ ነበር፣ በብዙ ስፍራ ገበሬው የራሱን ዘር ዘርቶ ጨርሶ ነበረ። ስለዚህ የቤቱ እህል በመሬት ውስጥ፣ የመንግሥቱ ስንዴ በጆንያ ውስጥ ሆኖ፣ በመካከሉ የተራበ ቤተ ሰብ ቀረ።

በጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ነገር ግን የተጻፈው በእስፓንኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የራስ ቅልና የተመሳቀሉ አጥንቶች ሥዕልም ታትሞበት ነበር። የኢራቅ የገጠር ሰው ዐረብኛ ወይም ኩርድኛ የሚናገር ነው፤ ብዙውም በራሱ ቋንቋ እንኳ ማንበብ አልተማረም። የራስ ቅሉ ሥዕልም ቢሆን በባሕር ማዶ ሰዎች ዘንድ «መርዝ» ማለት እንዲሆን በስምምነት የተለመደ እንጂ ሥዕሉን ያየ ሰው ሁሉ ከራሱ የሚረዳው ምልክት አይደለም። በአንዳንድ ስፍራ ገበሬው «ዘሩ መርዝ እንዳለበት ተረድቻለሁ» ሲል የጣቱን አሻራ እንዲያኖር ተደርጎ ነበረ ይባላል። የአውራ ጣት አሻራ ግን ወረቀቱን ላስፈረመው ሹም ይጠቅመው ይሆናል እንጂ ለአሻራው ባለቤት ምንም አያስተምረውም።

ከዚህ በኋላ ገበሬዎቹ ያደረጉት ነገር በጥሞና ሊታሰብ ይገባዋል። «መርዝ ነው» የሚለውን ወሬ የሰሙ ብዙዎች ዝም ብለው አልበሉም። አስቀድመው ለዶሮና ለከብት ሰጡና ቀን ቈጠሩ። ዶሮዎቹ አልሞቱም። ከዚያም ሴቶቹ ስንዴውን በውኃ አጠቡት፤ ቀዩም ቀለም ለቀቀና ውኃው ቀልቶ ፈሰሰ፤ ስንዴውም እንደ ማንኛውም ስንዴ ነጭ ሆነ። የሚታየው ነገር ከጠፋ የማይታየውም አብሮ ጠፍቷል ብሎ ማሰብ በየትኛውም ወጥ ቤት ያለች ሴት የምታስበው ነው። ነገር ግን በውኃ የሚሟሟው ቀለሙ ብቻ ነበረ። መርዙ ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ቀረ። ለማስጠንቀቅ የተጨመረው ቀለም እንዲህ ሆኖ ለማታለል ዋለ፤ ከነጭራሹ ባይቀባ ኖሮ ምናልባት ብዙዎች በጥርጣሬያቸው እንደ ጸኑ በቀሩ ነበር።

በኋላ ስንዴው ሲመረመር በ1 ኪሎ ውስጥ በአማካይ 8 ሚሊግራም ያህል ሜርኩሪ ተገኘበት። ይህም በአንድ ኩንታል ውስጥ 1 ግራም እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ሽታ የለውም፤ በዳቦው ጣዕም ላይም ለውጥ አያመጣም፤ የምድጃውም እሳት አላጠፋውም። ቤተ ሰቡም በየዕለቱ በላ፤ አንዳንዱ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ከአንድ ወር ለበለጠ ጊዜ።

በመጀመሪያ ማንም አልታመመም፤ ይህም ከነገሩ ሁሉ የከፋው ነው። ሰው የተበላሸ ምግብ በልቶ በማታው ቢያስመልሰው የበላውን ያውቃል፤ ይተወዋልም። ሜቲል ሜርኩሪ ግን ምልክት የሚሰጠው ከሳምንታት በኋላ ነው። በአፍ ዙሪያና በጣቶች ጫፍ መደንዘዝ ይጀምራል፤ ከዚያ እግር መሬቱን ይስታል፤ ሰውየው ሳይጠጣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ቍልፉን መቈለፍ፣ ጽዋውን ወደ አፉ ማድረስ ያቅተዋል፤ ንግግሩ ይኮላተፋል፤ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ዙሪያው ይጨልምበታል፤ የባሰበት ዐይኑም ጆሮውም ይጠፋና ሰውነቱ ደርቆ ይሞታል። በዚህ ጊዜ የበላው ነገር ሁሉ ከአንጐሉ ገብቶ አልቋል።

የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በዲሴምበር 1971፣ በሰሜን ኢራቅ ወደሚገኘው ወደ ኪርኩክ ሆስፒታል መጡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከልዩ ልዩ አውራጃ በመቶ የሚቈጠሩ በየቀኑ ይገቡ ጀመር። መንግሥት ሕዝቡ እህሉን እንዲመልስ አዘዘ፤ የሸጠም በሞት እንደሚቀጣ አስታወቀ። ከፍርሃት የተነሣ ብዙዎች ጆንያቸውን በወንዝና በቦይ ውስጥ ጣሉት። በሆስፒታል መዝገብ ላይ የተጻፉት ሕመምተኞች 6,530 ሲሆኑ፣ በዚያው በሆስፒታል የሞቱት 459 ናቸው። ሆስፒታል ሳይደርሱ በየመንደሩ የቀሩት በዚህ ቍጥር ውስጥ አይገቡም።

ሜርኩሪ ወደ አንጐል እንዴት ሊገባ ቻለ? አንጐል በደም ውስጥ ከሚያልፈው ነገር ሁሉ የሚለየው ጽኑ አጥር አለው፤ የሚያስፈልገውን ምግብ ብቻ እየመረጠ ያስገባል፤ ብዙ መርዝም በዚያ ተከልክሎ ይቀራል። ሜቲል ሜርኩሪ ግን በደም ውስጥ ካለ ከአንድ የፕሮቲን ክፍል ጋር ሲጣበቅ፣ አንጐል ፈልጎ የሚቀበለውን ሜቲዮኒን የተባለ ምግብ ይመስላል። በር ጠባቂው ወዳጅ መስሎት ይከፍትለታል። ከገባም በኋላ ቶሎ አይወጣም፤ ከሰውነት ውስጥ እኩሌታው ተጣርቶ እስኪወጣ 70 ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የተበላው በትናንቱ ላይ፣ የነገውም በዛሬው ላይ ይከመራል። የዶሮው ፈተና ያልሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ መርዙ የሚገድለው በአንድ ቀን መጠን ሳይሆን በክምችቱ ነውና ለጥቂት ቀን የበላች ዶሮ ልትመሰክር አትችልም።

በአዋቂ ሰው መርዙ የሚያጠፋቸው የአንጐል ስፍራዎች የተለዩ ናቸው። አንደኛው ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጐል ነው፤ እርምጃችንንና የእጃችንን እንቅስቃሴ ሚዛን የሚጠብቀው እርሱ ነው። ሁለተኛው ዐይን ያየውን የሚተረጕመው ክፍል ነው። ስለዚህ የሕመምተኛው ዐይን ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሰውየው ዕውር ይሆናል። ሐኪሞቹ መርዙን ከደም የሚያወጡ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች ሞከሩ፤ የደሙን መጠን ዝቅ አደረጉት፤ የሞተውን የአንጐል ሴል ግን ማንም መልሶ ሊያስነሣው አልቻለም። ሆኖም ከአልጋ የማይነሡ ከነበሩት አንዳንዶቹ፣ በተለይ ልጆች፣ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ መቀመጥና መራመድ ቻሉ።

የእርጉዞቹ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ለፅንሱ ምግብ የምታሳልፈው እንግዴ ልጅ ይህንን መርዝ አታግደውም፤ እንዲያውም በሚወለዱበት ጊዜ በልጆቹ ደም የተገኘው ሜርኩሪ ከእናቶቻቸው የበለጠ ሆነ። በማኅፀን ውስጥ የአንጐል ሴሎች ከበቀሉበት ስፍራ ተነሥተው ወደሚሠሩበት ስፍራ ይጓዛሉ፤ መርዙ ይህን ጕዞ ያሰናክለዋል። ስለዚህ በአዋቂው አንድ ወይም ሁለት ስፍራ የሚጐዳው አንጐል በፅንሱ ሁለንተናው ይጐዳል። እናቲቱ ጥቂት የጣት መደንዘዝ ብቻ ተሰምቷት፣ ወይም ምንም ሳይሰማት፣ የማያይ፣ የማይሰማ፣ ራሱን ቀና ማድረግ የማይችል ልጅ ወለደች። ሲወለዱ ደኅና የመሰሉም ነበሩ። በባግዳድ የሕፃናት ሐኪም የነበረችው ዶክተር ላማን አሚን ዛኪ ከባልደረቦቿ ጋር እነዚህን ልጆች ለዓመታት ስትከታተል፣ የመራመጃቸውና የመናገሪያቸው ጊዜ እየዘገየ መሄዱን አየች። ከእናት ጡትም መርዙ ለልጅ ይተላለፍ ነበረ፤ ነገር ግን በማኅፀን ከሚተላለፈው ያነሰ ነው።

አንዲት እናት ከወራት በፊት ምን ያህል መርዝ እንደበላች ማን ሊያውቅ ይችላል? ይህን የገለጠው የሴቶቹ ጠጕር ነው። የሰው ጠጕር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ሲያድግም በዚያው ወር በደም ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ይዞ ይወጣል። ከባግዳዱ ሐኪም ከፋርሃን ባኪርና ከጓደኞቹ ጋር ይሠራ የነበረው የአሜሪካው የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ቶማስ ክላርክሰንና ባልደረቦቹ፣ የእናቶቹን ረጅም ጠጕር በትናንሽ ቍራጭ እየለዩ መረመሩት። መርዘኛው ዳቦ ከገባበት ወር ጀምሮ መጠኑ ሽቅብ ይወጣል፤ ከቆመበት ወር በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል። እርግዝናው በየትኛው ወር ላይ እንደ ነበረም ከዚያ ጋር ይስተያያል። የጥናታቸው ዋና ክፍል በ1973 ታተመ። ዛሬ ሐኪሞች እርጉዝ ሴት ሜርኩሪ ከሚበዛባቸው ትላልቅ ዓሦች እንድትጠነቀቅ ሲመክሩ፣ እውቀታቸው ከተቀዳባቸው ምንጮች አንዱ የእነዚያ የኢራቅ እናቶች ጠጕር ነው።

ስለዚህ ነገር የጻፉ አንዳንዶች ጥፋቱን በገበሬው አለማወቅ ላይ ያሳርፉታል። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። ገበሬው በዐቅሙ ሁለት ጊዜ ፈትኗል፤ በዶሮ ፈተነ፣ በውኃም አጠበ። ሊፈትኑ የሚገባቸው የነበሩት መጻሕፍቱን ማንበብ የሚችሉት ናቸው። ስዊድን የዱር ወፎቿ ከታሸው ዘር እየለቀሙ ሲሞቱ አይታ በ1966 ይህን መድኃኒት ከልክላለች። በአሜሪካም በኒው ሜክሲኮ አገር በ1969 አንድ ቤተ ሰብ ከታሸ ዘር ጥራጊ የተቀለበ አሳማ አርዶ በላና፣ ሦስት ልጆቹ በአንጐል ጕዳት ወደቁ፤ በዚያን ጊዜ እናቲቱ የፀነሰችውም ልጅ ተጐድቶ ተወለደ። በ1970 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒቱን ፈቃድ ለማገድ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በዓመቱ ግን ያው መድኃኒት በመርከብ ተጭኖ ባስራ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። በ1998 በሮተርዳም የተፈረመው ስምምነት፣ አደገኛ ኬሚካል ወደ ሌላ አገር ከመላኩ በፊት ተቀባዩ አገር አውቆ እንዲፈቅድ ያዛል። በ2013 የጸደቀውና በጃፓኑ ከተማ በሚናማታ ስም የተጠራው ስምምነትም ሜርኩሪ ያለባቸው የእርሻ መርዞች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱ ወስኗል። ነገር ግን ዘር አሁንም በሌሎች መድኃኒቶች ይታሻል፤ በእኛም አገር ለገበሬው የሚታደለው ምርጥ ዘር ብዙ ጊዜ ቀለም ተቀብቶ የሚመጣው ስለዚህ ነው። የታሸ ዘር ከተረፈ ታጥቦም፣ ተፈጭቶም፣ ለዶሮም ተበትኖ የሚሆን እህል አይደለም። የመጣበትም ጆንያ ዱቄት አይያዝበትም።

የዘር መድኃኒት ብቻም አይደለም። ግሉፎሲኔት የሚባል የአረም ማጥፊያ አለ፤ በቅጠል ላይ ሲረጭ ተክሉ ውስጥ አሞንያ እንዲከማች አድርጎ ያደርቀዋል። ይህን በስሕተትም ሆነ በተስፋ መቍረጥ የጠጡ ሰዎች በጃፓንና በኮሪያ ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ታይተዋል። ሕመምተኛው ሲመጣ በደንብ ይናገራል፤ ጥቂት ያስመልሰው ይሆናል እንጂ የከፋ ነገር አይታይበትም። ከጥቂት ሰዓታት እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ራሱን ይስታል፤ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል፤ መተንፈስም ሊያቅተው ይችላል። ከዳነ በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ የማይችል ሆኖ የሚቈይ አለ፤ ትናንት ማን እንደ ጠየቀው፣ ጧት ምን እንደ በላ አያውቅም። አንዳንዱ በጊዜ ብዛት ይመለስለታል፤ አንዳንዱ አይመለስለትም። ሐኪሞች በኤም አር አይ መሣሪያ ሲያዩት፣ ትዝታን የሚያኖረው የአንጐል ክፍል ተጐድቶ ያገኙታል።

በቤታችን ያለው ዋናው አደጋ መርዙ ከራሱ ዕቃ ወጥቶ ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሲገለበጥ ነው። ጐረቤት ከጐረቤቱ ለአንድ ጥማድ የሚበቃውን ያህል በጠርሙስ ይቀዳል፤ ጠርሙሱም ማድጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ የተጠማ ልጅ ያነሣዋል። ባዶውን የመርዝ ጀሪካንም ምንም ያህል ቢታጠብ ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ ማዋል አይገባም፤ ከላይ ስለ ስንዴው የተነገረው ለላስቲኩም ይሠራል። የተጣለ ጀሪካን ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይገለገልበት መብሳት ይገባል።

ሰው ጠጥቶ ቢገኝ፣ ወይም በልብሱና በገላው ላይ ቢፈስበት፣ የነካውን ልብስ አውልቆ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና ማጠብ ነው፤ የሚያጥበውም ሰው መርዙ እጁን እንዳይነካው ይጠንቀቅ። በጣትም ሆነ በሌላ ነገር እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም። ከዚያ «ደኅና ነኝ፣ ምንም አልሆንሁም» ቢልም እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የእያንዳንዱ መርዝ ሕክምና እንደ ስሙ ይለያያልና፣ መርዙ የነበረበትን ዕቃ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ከነጽሕፈቱ ለሐኪሙ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።